ክፈፍና በውስጡ ያለው

የሰው ልጅ የሚያከብረውን ነገር በክፈፍ ውስጥ አድርጎ በግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል። የሠርጉን ፎቶግራፍ፣ የልጁን የምረቃ ሥዕል፣ ለአገልግሎቱ የተሰጠውን የምስክር ወረቀት መስታወት አልብሶ፣ እንግዳ ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ በሚያርፍበት ቦታ ያኖረዋል። ስለዚህ ወደ አንድ ሰው ቤት ገብቶ ግድግዳውን የተመለከተ ሰው፣ ባለቤቱ አንድ ቃል ሳይናገር፣ ምን እንደሚወድና በምን እንደሚኮራ ሊያውቅ ይችላል። ነገር ግን ግድግዳ የሚመሰክረው በተሰቀለበት ነገር ብቻ አይደለም፤ ባልተሰቀለበትም ነገር ጭምር ይመሰክራል። ይህን ያስተማረኝ አሮጌ የሲኒማ ማስታወቂያ ነው። ትምህርቱም የደረሰኝ ሠላሳ ስድስት ዓመት የሰው ልጆች ካስተማርሁና ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ከወጣትነቱ ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ በፒያሳ አካባቢ ከነበሩት ሲኒማ ቤቶች ባንደኛው ይሠራ ነበር። ሥራውም ወለል መጥረግና ወንበር ማስተካከል፣ ይልቁንም ፊልም በተለወጠ ቁጥር ያሮጌውን ፊልም ማስታወቂያ አውርዶ ያዲሱን በበሩ አጠገብ ባለው ባለመስታወት ሣጥን ውስጥ መስቀል ነበር። በዚያን ዘመን ቴሌቪዥን የሚገኘው በጥቂት ሰዎች ቤት ብቻ ስለ ነበረ፣ ያ የመስታወት ሣጥን ለመንገደኛው ሁሉ እንደ መስኮት ነበር። ለመግቢያ የሚከፍለው ሳንቲም የሌለው ልጅ እንኳ በሣጥኑ ፊት ቆሞ ሥዕሉን ያይና ታሪኩን በልቡ ሠርቶ ይሄድ ነበር።

እኔ ግን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ። አስተማሪዎቻችን ደጎችና ትጉሆች ነበሩ፤ ንባብን፣ ሥርዓትን፣ ንጽሕናንና የእጅ ሥራን ከእነርሱ ስለ ተማርሁ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ሲኒማን ግን ከመጠጥ ቤት ለይተው አያዩትም ነበር። እንዲህ ያለው አሳብ የእነርሱ ብቻ አልነበረም፤ በአዲስ አበባ በመጀመሪያ ፊልም የታየበትን ቤት ሕዝቡ ራሱ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት እንደ ነበር የታወቀ ነው። እኔም ትምህርቱን ከሚገባው በላይ አጥብቄ ይዤው ነበርና፣ ለዕረፍት ወደ ቤት ስመለስ በወንድሜ ሥራ አፍር ነበር። ጓደኞቼ «ወንድምህ ምን ይሠራል?» ብለው ሲጠይቁኝ «ካንድ ድርጅት ተቀጥሮ ይሠራል» እላቸው ነበር። ነገሩ ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ የማልረሳው አንድ ምሽት ነው። ወንድሜ እናታችንን «ማዘር ኢንዲያ» የተባለውን የሕንድ ፊልም ሊያሳያት ይዟት ሄደ። ይህ ፊልም ሜህቡብ ካን ያዘጋጀው፣ ናርጊስ የተባለችው ተዋናይት ዋናዋን ሴት ሆና የሠራችበት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 የወጣ ነው። ታሪኩም ባሏ ሁለት እጆቹ በቋጥኝ ከተቀጠቀጡ በኋላ በኀፍረት ጥሏት ስለ ሄደ፣ ያራጣ አበዳሪ ዕዳ ተጭኗት ልጆችዋን ብቻዋን ስለምታሳድግ ያገር ቤት ሴት ነው። በማስታወቂያውም ላይ ያቺ ሴት ማረሻውን ከነእንጨቱ በትከሻዋ ተሸክማ ትታያለች። እናታችን የሕንድ ቋንቋ አታውቅም፤ ከሥዕሉ በታች የሚጻፈውንም ማንበብ አትችልም። ሆኖም ዓይኗ በልቅሶ ቀልቶ ተመለሰችና «ያቺ ሴት እኔ ነኝ» አለች። እርስዋም በወጣትነቷ ባሏ የሞተባት፣ በጉልበቷ ያሳደገችን ሴት ነበረች።

እኔ ያን ጊዜ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ታላቅ ወንድሜን በእናቴ ፊት «እናታችንን ወደዚያ ቤት መውሰድህ ነውር ነው» ብዬ ገሠጽሁት። እርሱ ምንም አልመለሰልኝም። በእግሬ ላይ የነበረው ጫማ ከሲኒማ ቤቱ ደመወዝ የተገዛ መሆኑን እኔ አውቅ ነበር፤ እርሱም እንደማውቅ ያውቅ ነበር። ነገር ግን አላነሣብኝም፤ እስኪሞት ድረስም አላነሣብኝም።

ወንድሜ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ሙት ዓመቱ ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው ሴት ልጁ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን አስይዛ ወደ ቤቴ መጣች። ሣጥኑ ሲከፈት ታጥፈው የተደራረቡ አሥራ አንድ የፊልም ማስታወቂያዎች ተገኙ። «ጋሼ፣ እነዚህን አባባ ሊጣሉ ሲሉ ለምኖ ያስቀራቸው ናቸው። ለሙት ዓመቱ ፍሬም ገብተው ሳሎን ውስጥ እንዲሰቀሉለት እፈልጋለሁ። ገንዘብ ግን ብዙ የለኝም፤ እርስዎ የተማሩ ስለ ሆኑ በርካሽ የሚሠራበትን ቦታ ይፈልጉልኝ» አለችኝ። ሳገላብጣቸው ከላይ ሁለተኛው «ማዘር ኢንዲያ» ነበረ። እጄ ላይ ይዤው ጥቂት ቆየሁ፤ ለልጅቱ ግን ምንም አልነገርኋትም።

በማግስቱ ሜትር አውጥቼ ለካሁ። አምስቱ የሕንድ ናቸው፤ ወርዳቸው 76፣ ቁመታቸው 102 ሳንቲሜትር ነው። አራቱ የአሜሪካ ናቸው፤ እነርሱም 69 በ104 ናቸው። ሁለቱ የኢጣልያ ትልልቆች 100 በ140 ሆነው ተገኙ። መታጠፋቸውን በመጀመሪያ እንደ ጉዳት ቈጥሬው ነበር፤ በኋላ ግን እስከ 1980ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የአሜሪካ ፊልም ማስታወቂያዎች ለሲኒማ ቤቶች የሚላኩት ታጥፈው እንደ ነበረ ተረዳሁ። ስለዚህ እጥፋቱ የታሪካቸው ክፍል ነው እንጂ ነውራቸው አይደለም።

ከዚህ በኋላ ፍሬም ቤቶችን መዞር ጀመርሁ። እነዚህ ቤቶች አዘጋጅተው የሚያስቀምጡት የምረቃ ፎቶግራፍና የቅዱሳን ሥዕል የሚያህለውን ነው። ከዚያ የሚበልጠው በትእዛዝ ይሠራል። ትእዛዝ ሲሆን ደግሞ እንጨቱ ወይም አልሙኒየሙ በዙሪያው ርዝመት፣ መስታወቱ በስፋቱ ይታሰባል። አንድ የአሜሪካ ማስታወቂያ ዙሪያው ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። መስታወት በያንዳንዱ ካሬ ሜትር፣ በያንዳንዱ ሚሊሜትር ውፍረት ሁለት ኪሎ ተኩል ይመዝናል፤ ስለዚህ ባለ 3 ሚሊሜትሩ መስታወት ለዚህ ማስታወቂያ 5 ኪሎ ተኩል ያህል፣ ለትልቁ የኢጣልያ ደግሞ 10 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ክብደቱ ሲጨምር ወፍራም እንጨት፣ ጠንካራ መስቀያ ይፈልጋል። እንዲህ እያለ ዋጋው ዋጋን እየጎተተ ይወጣል። ለአሥራ አንዱ የተጠየቅሁት ገንዘብ ከሁለት ወር ጡረታዬ በለጠ።

እኔ ዋጋ በማስቀነስ የታወቅሁ ሰው ነኝ፤ ይህንንም እንደ መልካም ጠባይ ስቈጥረው ኖሬአለሁ። በመጨረሻ አንድ ሠራተኛ አገኘሁ። «አባቴ፣ መስታወት ለምን ያስፈልግዎታል? ቺፑድ ላይ በኮላ እለጥፈውና ቫርኒሽ እቀባዋለሁ፤ እንደ አዲስ ያበራል» አለኝ። ዋጋውም ከሌሎቹ ሲሦውን የሚያህል ነበር። ደስ አለኝ። ለመሞከሪያ አንዱን ልስጠው ብዬ፣ ለሙት ዓመቱ ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው ብዬ፣ «ማዘር ኢንዲያን» ሰጠሁት።

በሦስተኛው ቀን ስሄድ ወረቀቱ ኮላውን ጠጥቶ እዚህም እዚያም አብጦ ነበር። እጥፋቱ ሲወጠር ተሰንጥቆ፣ ስንጥቁም በሴቲቱ ፊት ላይ አልፏል። ቫርኒሹ ቀዩን ቀለም ቡና አስመስሎታል። ሠራተኛው አልዋሸኝም፤ ያዘዝሁትን ሠራ። እኔ ስንት ያስከፍላል ብዬ ጠየቅሁ እንጂ፣ ከተለጠፈ በኋላ ይነሣል ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። የወንድሜ ልጅ ባየችው ጊዜ በጣቷ እብጠቱን ዳሰስ አድርጋ «ምንም አይደለም ጋሼ» አለችኝ። ይህ ቃል የአባቷን ዝምታ አስታወሰኝና ከስድብ ይልቅ ከበደኝ። ያገራችን ሰው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል፤ እኔ ግን ያፈሰስሁትን መልቀም እንኳ አልተቻለኝም።

ቢያንስ የቀሩትን አሥሩን ላድን ብዬ፣ አሮጌ መጻሕፍት በመጠገን ወደሚተዳደር ወደ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ዘንድ ሄድሁ። እርሱም በትሕትና ተቀብሎኝ፣ ተማሪ የነበረው አስተማሪ፣ አስተማሪ የነበረው ተማሪ ሆነን ተቀመጥን። የነገረኝም በአጭሩ ይህ ነው። የወረቀት ጠላቶች አራት ናቸው፤ እነርሱም ብርሃን፣ እርጥበት፣ አሲድና ማጣበቂያ ናቸው። ርካሽ ወረቀት ከእንጨት ስለሚሠራ በውስጡ ሊግኒን የሚባል ነገር ይቀራል፤ ይህም በብርሃንና በአየር ምክንያት ወረቀቱን ቢጫ ያደርገዋል፣ ከአሲዱም ጋር ሆኖ ተሰባሪ ያደርገዋል። ያባቶቻችን የብራና መጻሕፍት ስንት መቶ ዓመት ሲኖሩ ጋዜጣ ባንድ ክረምት የሚገረጣው ስለዚህ ነው። ቺፑድና ተራ ካርቶን ደግሞ አሲዳቸውን ወደ ሥዕሉ ያስተላልፋሉ። መስታወት ሥዕሉን ከነካው እርጥበት ባገኘ ጊዜ ወረቀቱ ይጣበቅበታልና በመካከላቸው ክፍተት መኖር አለበት። ፕላስተር ሲያረጅ ሙጫው ወደ ወረቀቱ ገብቶ የማይለቅ ቡናማ ምልክት ይተዋል። «ጋሼ፣ ሕጉ አንድ ነው፤ በውኃና በትዕግሥት ሊመለስ የማይችል ነገር በወረቀት ላይ አይደረግም» አለኝ።

የተቀደደው እጥፋት በምን ይጠገናል ብዬ ስጠይቀው፣ ከዛፍ ልጥ የሚሠራ ስስ የጃፓን ወረቀት ቈርሶ ሰጠኝና፣ ከጀርባው በኩል በስንዴ ስታርች ሙጫ እንዲለጠፍ ነገረኝ። በዚህ ጊዜ አፈርሁ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት በእጅ ሥራ ክፍል የመጽሐፍ ድጕሰት ስንማር፣ የስንዴ ሊጥ በውኃ እያጠብን፣ ነጩ ውኃ ሲጠል ከሥሩ የሚቀረውን ስታርች አብስለን ሙጫ የምንሠራው እኛው ነበርን። አስተማሪዎቼ ሲኒማን እንድጸየፍም፣ ወረቀትን እንዳከብርም አስተምረውኝ ነበር። እኔ ግን ጥላቻውን አምሳ ዓመት ስይዝ፣ የእጅ ሙያውን ረስቼዋለሁ።

በዚያው ሰሞን የልጅቱ የበኵር ልጅ አንድ ወሬ አምጥቶ አነበበልኝ። «ሜትሮፖሊስ» ለተባለው የጀርመን ፊልም በ1927 የታተመ አንድ ማስታወቂያ በ2005፣ ሁለቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በ690 ሺህ ዶላር ተሸጠ ይላል። «ጋሼ፣ የኛስ ስንት ያወጣል?» አለኝ። የኛ እንደዚያ ብርቅ እንዳልሆነ፣ ምናልባትም የተቀመጠበትን የቆርቆሮ ሣጥን ዋጋ እንኳ እንዳያወጣ ነገርሁት። ልጁ ቅር አለው። እኔ ግን አንድ ነገር አሰብሁ። የዚያን ማስታወቂያ ዋጋ ያወጡለት ገበያተኞች ናቸው፤ የኛን ዋጋ ያወጣለት ከቆሻሻ ለምኖ ያስቀረው ሰው ነው። ያም ሰው የከፈለበትን እኔ ሳላውቅ በቺፑድ ዋጋ ተከራከርሁበት።

ይሁን እንጂ የገንዘቡ ችግር ገና አልተፈታም ነበር። ለአሥሩ መስታወትና ንጹሕ ወረቀት ያለው ክፈፍ ማሠራት ከልጅቱም ከእኔም አቅም በላይ ነው። አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ሳሰላስል፣ ወንድሜ እነዚህን ሁሉ ማስታወቂያዎች ለከተማው ሕዝብ ያሳይ የነበረው በስንት ክፈፍ ነው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። መልሱ ቀላል ነበር። እርሱ የነበረው አንድ ሣጥን ብቻ ነው፤ በርና ቁልፍ ያለው ባለመስታወት ሣጥን።

ስለዚህ ወደ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሄጄ ከፈረሰ ቤት የወጣ አንድ የዋንዛ መስኮት ገዛሁ። በሰፈራችን ያለ አናጢም ፈቶ ውስጡ 80 በ110 ሳንቲሜትር የሆነ፣ አምስት ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው፣ ባንድ ወገን በሁለት ማጠፊያ የሚከፈት ሣጥን አደረገልኝ። ይህ ልክ የሕንዱንም የአሜሪካውንም ይበቃል። ጀርባው ኮምፔንሳቶ ነው፤ የእንጨቱ አሲድ እንዳያልፍ ምግብ በሚጠቀለልበት የአልሙኒየም ወረቀት ሸፈንነው፣ በላዩም ከጥጥ የተሠራ ነጭ ወፍራም ወረቀት አደረግንበት። ሥዕሉ አይለጠፍም፤ ከንጹሕ ወረቀት ታጥፈው በተሠሩ ቀጫጭን መያዣዎች ጠርዙና ማዕዘኑ ይያዛል እንጂ ሙጫ አይነካውም። አየር እንዲዘዋወር ከሣጥኑ ጀርባ አራት ትንንሽ እንጨቶች ተመተው ከግድግዳው ራቅ አድርገው ይይዙታል። የሰቀልነውም ፀሐይ በማይገባበት፣ ከወጥ ቤት እንፋሎት በራቀና ዝናብ በማይመታው በመካከለኛው ግድግዳ ላይ ነው። መስታወቱ ከ6 ኪሎ ተኩል ጥቂት ይበልጣልና መስቀያውን ባንድ ሚስማር አላመንነውም፤ በሁለት ብሎን አሰርነው። የወጣው ወጪ በሙሉ ሲደመር ለአሥራ አንዱ ከተጠየቅሁት ሩቡን አልሞላም።

ተማሪዬ ይህን ሲሰማ ከገንዘቡም በላይ ጥቅም እንዳለው ነገረኝ። ብርሃን ያደረሰው ጉዳት እየተጠራቀመ ይሄዳል እንጂ አይመለስም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ከተሰቀለ ሥዕል ይልቅ፣ አንድ ወር ታይቶ የቀረውን ጊዜ በጨለማና በደረቅ ቦታ የሚያርፍ ሥዕል ብዙ ይቈያል። ሁለቱ የኢጣልያ ትልልቆች ከሣጥኑ ስለሚበልጡ፣ እንደ ታጠፉ በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልለው ተኝተዋል። ወደ ፊት አቅም ሲገኝ ይታሰብላቸዋል።

ፊልሙንም አየሁት። ከሙት ዓመቱ በፊት ከወንድሜ ልጅ ጋር ተቀምጠን «ማዘር ኢንዲያን» ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተመለከትን። ያች ሴት ማረሻውን ስትጎትት እናቴን አየኋት። ወንድሜ ወደ ሰይጣን ቤት አልወሰዳትም ነበር። በሕይወቷ አንድ ጊዜ እንኳ ድካሟን የሚያውቅላት ሰው እንዳለ ሊያሳያት ወስዷት ነበር። እኔ ይህን ለማወቅ ሦስት ሰዓት መቀመጥ ብቻ ይበቃኝ ኖሮ፣ አምሳ ዓመት ዘገየሁ። ለእርሱ ልነግረው የሚገባኝንም ለልጁ ነገርኋት፤ የጫማውን ነገር፣ የተግሣጹን ነገር፣ «ካንድ ድርጅት ተቀጥሮ ይሠራል» ያልሁትን ነገር ሁሉ ነገርኋት። እርስዋም አለቀሰችና «አባባ ግን ስለ እርስዎ ሲያወራ "ወንድሜ አስተማሪ ነው" ነበር የሚለው» አለችኝ።

አሁን ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ወደ ልጅቱ ቤት እሄዳለሁ። እጄን ታጥቤ አደርቅና ሣጥኑን በቁልፍ እከፍታለሁ፤ ያለፈውን ወር ማስታወቂያ አውርጄ የሚቀጥለውን እሰቅላለሁ። ልጆችዋ ከኋላዬ ቆመው ማን እንደሚወጣ ይጠባበቃሉ። በዚህ ዕድሜዬ የወንድሜን ሥራ ያዝሁ ማለት ነው። ሙት ዓመቱ በሚውልበት ወር ግን የሚወጣው ያ የተበላሸው «ማዘር ኢንዲያ» ከነቺፑዱ ነው። ባለፈው ጊዜ ትንሹ ልጅ «ይህ ለምን አበጠ?» ብሎ ጠየቀኝ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ ዋጋውን ብቻ ስለ ጠየቅሁ ነው» አልሁት።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ርካሽ ክፈፍ መፈለግ ነውር ነው እንዳልል። አቅም የሌለው ሰው የሚወደውን ነገር ለማኖር ርካሽ መንገድ ቢፈልግ ጥበብ ነው፤ አሮጌ መስኮትም፣ የዱቄት ሙጫም፣ አንድ ሣጥንም ይበቃል። ዳሩ ግን ገንዘብ ለመቈጠብ ብለህ ልትመልሰው የማትችለውን ነገር አታድርግ። ደግሞም ክፈፍ ልትፈልግ ከመውጣትህ በፊት ግድግዳህን ተመልከት። ካንተ ጋር በሕይወት ያለ፣ በሥራው ያፈርህበት፣ በላቡ ያደግህበት ሰው ቢኖርህ፣ ለእርሱ ክፈፍም መስታወትም አያስፈልገውም። ዛሬውኑ ሄደህ ደጁን አንኳኳ።